የሲሚኬ አፍንጫ ያላት ጦጣ

ሚርታሌ ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ እጇ ግን የአርባ ዓመት ሴት እጅ ነው ይሉላታል። የምላሷን ዕድሜ የሚያውቅ የለም።

አባቷ ዴክሲሎስ በቆሮንቶስ ምዕራብ ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በተደረደረው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር የሽቶ ዕቃ ይሠራል። ተራ ዕቃ አይደለም፤ እንስሳ ነው። እግሯን አጥፋ የተኛች፣ በአንድ እጅ የምትጨበጥ ጥንቸል። ቀንዱን የጠቀለለ አውራ በግ። ዓይኗን ያፈጠጠች ጉጉት። ሆዳቸው ባዶ ነው፤ አናታቸው ላይ ባለችው ጠባብ አፍ ሽቶው ይገባል፣ በጠብታ በጠብታ ይወጣል። ወንዶቹ በጠፍር ከእጃቸው አንጠልጥለውት ወደ ትግል ሜዳ ይሄዳሉ፤ ሙሽሮቹ ለጋብቻ አምላካቸው ለሄራ ይሰጡታል፤ የሞተም ሰው ይዞት ይቀበራል። ገላውን የሚሠራው ዴክሲሎስ ነው። ጆሮ፣ አፍንጫና ፊት ግን የሚርታሌ ነው።

«ፊት ላይ ማንም አይደርስባትም» ይላል አባቷ ለሰው።

«ምን አልክ አባዬ?» ትላለች ሚርታሌ፣ እንዲደግመው።

ጎረቤታቸው እትዬ ሲሚኬ ናት። ባሏ በመርከብ ሄዶ ያልተመለሰ፣ ልጅ የሌላት፣ አንዲት ዝይ ያላት አሮጊት። የአይሪስ አበባ ሥር ከወይራ ዘይት ጋር እያፈላች ሽቶ ታወጣለች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንስሳውን ከምድጃ ሲያወጣ ለሷ ያመጣላትና ትሞላዋለች። ዘይቱ መድረሱን ስትፈትን አንድ ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች። አፍንጫዋ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፤ አገጯ ላይ ደግሞ ምስር የምታህል ኪንታሮት አለች። ምላሷም ከሚርታሌ ምላስ አያንስም፤ ጠቡም የመጣው ከዚያው ነው።

አንድ ቀን ምንጩ ዳር፣ ሴቱ ሁሉ እንስራውን ይዞ ተራ ሲጠብቅ፣ ሲሚኬ ጮክ ብላ፣ «ሚርታሌ ልጄ፣ የዘንድሮ ጥንቸሎችሽን አየኋቸው። ዱቄት ውስጥ የወደቁ የአህያ ውርንጭላ ነው የሚመስሉት!» አለች።

ሴቶቹ እስኪንከተከቱ ሳቁ። የአንዷ እንስራ እንኳ ተደፋ።

ቀልድ ነበር። እንዲህ ያለውን ሚርታሌ ራሷ በቀን አሥሩን ትናገራለች። ሌላ ሰው ሲናገራት ግን ቀልድ መሆኑ ቀረ። ውሃዋን ሳትሞላ ቤቷ ገባች፤ ገብታም ጭቃ አነሳች።

የሠራችው ጦጣ ነው። ከግብፅ በመርከብ መጥታ ወደቡ ላይ በገመድ ታስራ ያየቻትን ዓይነት ቁጢጥ ያለች ጦጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ያደረገች። ፊቷ ግን የግብፅ አልነበረም። የታጠፈው አፍንጫ፣ አገጩ ላይ ምስር፣ አንዱ ዓይን ጭፍን። ሚርታሌ ጨርሳ ስታያት ብቻዋን ፈነዳች በሳቅ። ሐሳቧ ይህ ነበር፦ ጦጣዋ ከጥንቸሎቹ ጋር ትተኮሳለች፤ ሽቶ እንድትሞላ ሲወሰዱላት፣ ሲሚኬ ጥንቸል ጥንቸል ስታነሳ፣ ስታነሳ፣ ድንገት ራሷን ታነሳለች። ያኔ ሰፈሩ ይሳቅ።

ችግሩ ምድጃው የሚነደው ከነገ ወዲያ መሆኑ ነው። ጭቃ ደግሞ ችኩል አይወድም። ዕቃ ጥላ ውስጥ ስምንት ቀን ሳይደርቅ እሳት አያይም፤ ባዶ ሆኖ ለብቻው የተሠራ ጭንቅላትም ውስጡ የታፈነው እርጥበት መውጫ አጥቶ እሳት ውስጥ እንዳያፈነዳው በገለባ ይበሳል። ይህን በሰፈሩ ገና በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ያውቀዋል። ሚርታሌ ስምንት ቀን አልነበራትም። ቀዳዳውንም ተወችው፤ ብትበሳው ፊቱ ይበላሽባታላ! እንዲያውም አፍንጫው እንዳይሰበር ብላ ፊቱን አወፈረችው። አባቷ ምድጃውን ደርድሮ ጨርሶ፣ አናቱን ከመድፈኑ በፊት እጁን ሊታጠብ ሲወርድ፣ ጦጣዋን መካከለኛው ረድፍ ላይ፣ በሁለት ጥንቸሎች መሀል ሸጎጠቻት።

በማግሥቱ ጠዋት እሳቱ ተለኮሰ። ምድጃው ግንባር ላይ ምላሱን ያወጣ ቀንዳም ፊት ተሰቅሏል፤ የምቀኛን ዓይን ወደ ራሱ እንዲስብ ነው። ከዚያ ሌላ ደግሞ ሕግ አለ፦ እሳት ውስጥ ያለ ዕቃ አይደነቅም። በማያው ቀዳዳ አጎንብሶ የተመለከተ ሰው ደረቱ ላይ ሦስት ጊዜ እንትፍ ይላል፤ ያም ካልሆነ ዓይኑ ይሰብራል። ለሄራ በዓል የተሠሩ ሠላሳ ጥንቸሎች ናቸው ውስጥ ያሉት፤ የዓመቱ ሙሽሮች ሁሉ የሚጠብቋቸው።

እሳቱ ገና ለጋ ሳለ ሲሚኬ ለዴክሲሎስ የደረቀ በለስ በቅርጫት ይዛ መጣች። ቅርጫቱን አስቀመጠችና ወደ ማያው ቀዳዳ አጎነበሰች።

«ውይ፣ ሲያማምሩ!» አለች። «ተሰልፈው ሲተኙ እኮ ነፍስ ያላቸው ይመስላሉ! ሚርታሌ፣ ያኔ የተናገርኩትን ውሸቴን ነው፣ እጅሽ...»

ጧ! አለ ምድጃው።

ከዚያ እንደ ጠጠር ዝናብ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ ጧ፣ ከዚያ ዝም። ሲሚኬ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረች። እንትፍ አላለችም ነበር። ዴክሲሎስ አይቷታል፤ የሚርታሌ እናት አርኪፔም ከደጃፉ ሆና አይታታለች።

ሚርታሌስ? ሚርታሌ ጧ ያለችው ማን እንደሆነች ስለምታውቅ እንጨቱ ክምር ላይ ቁጭ አለች።

ምድጃው በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ከሠላሳው ጥንቸል ሙሉ ሆነው የወጡት ሰባት ናቸው። የቀሩት አንዱ ጆሮ የለው፣ አንዱ ራስ የለው። ዴክሲሎስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስብርባሪውን አንድ በአንድ እያነሳ መሬት ላይ ደረደረ፣ ልክ አሁንም ሊጠግናቸው እንደሚችል ሁሉ። እናቷ ግን ለሁለቱም ጮኸች፦

«አደነቀቻቸው! በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ! 'ሲያማምሩ' አለች፣ እንትፍ እንኳ አላለችም! ዓይኗ ነው! የዚያች አሮጊት ዓይን ነው!»

ሚርታሌ አመዱን ልትጠርግ ምድጃው ውስጥ ገብታ ነበር። ጣቷ አንድ ነገር ነካ። የጦጣዋ ገላ ደቅቋል፤ ፊቱ ግን ወፍራም ስለነበር ሳይሰበር ተልጦ ወድቆ፣ ከዚያ በኋላ በነደደው እሳት ጥሩ አድርጎ በስሏል። አፍንጫው አለ። ምስሩ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያታል። ሚርታሌ ፊቱን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ወጣች፤ እናቷ ስትጮህ ሰማች፤ አፏንም አልከፈተችም። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ!

በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ አውቆታል። ሲሚኬ ወደ ምንጩ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑ። በየደጁ ስታልፍ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። ልጆቹም ተማሩት፤ ሩጫ ጀምረው እሷን ሲያዩ ቀጥ ይሉና ደረታቸው ላይ ይተፋሉ፤ ከዚያ ሩጫቸውን ይቀጥላሉ። ሽቶ ላስሞላ ብሎ ደጇን የረገጠ አልነበረም።

ምድጃው በተከፈተ በአራተኛው ቀን ሲሚኬ ራሷ መጣች። ሚርታሌ ልታመልጥ ስትል በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ሲሚኬ ነጠላዋን እስከ አገጯ አውርዳ ዓይኗን ሸፍና፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ነበር የምትሄደው።

«ማነው? ዴክሲሎስ ነህ?»

«እ... እኔ ነኝ፣ እትዬ ሲሚኬ።»

«ሚርታሌ! አይዞሽ፣ አላይሽም፣ ተሸፍኛለሁ» አለች አሮጊቷ ፈጥና። «አባትሽን ይቅርታ ልለው ነው የመጣሁት። ልጄ፣ በሄራ እምልልሻለሁ፣ በምቀኝነት አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር ያየሁት። ግን ዓይን እኮ ባለቤቱን አይጠይቅም። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ዓይን ይዤ ኖሬ ሳላውቅ ቀርቼ ይሆናል። ባሌም በመርከብ ሲሄድ እኔ ነበርኩ ቆሜ ያየሁት...»

የጦጣዋ ፊት በሚርታሌ ትራስ ሥር ነው፤ ከዚህ እስከዚያ አሥር እርምጃ። አሥሩን እርምጃ አልሄደችም። «አባዬ የለም» አለች። ነበር፤ ጓሮ ጭቃ ይረግጥ ነበር። አሮጊቷ ግድግዳውን እየዳበሰች ተመለሰች፤ ሚርታሌም ከኋላዋ ቆማ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች፤ መሬት ግን ሥራ በዝቶባት ነው መሰል ዝም አለቻት።

ያን ቀን እራት ላይ ሚርታሌ የገብስ ቂጣዋን አስቀመጠች።

«አባዬ» አለች። «እትዬ ሲሚኬ አይደሉም። እኔ ነኝ። ያልደረቀ ዕቃ አስገብቼ ነው።»

ዴክሲሎስ ቀና አለ። «ምን ዕቃ?»

«ጦጣ።»

«ምን ያለች ጦጣ?»

እዚህ ላይ ነው መናገር የነበረባት። አፍንጫው፣ ምስሩ፣ ጭፍኑ ዓይን። «እንዲሁ... ጦጣ» አለች።

አባቷ ብዙ አያት። ከዚያ ፊቱ ላላ። «ልጄ፣ ያን ምድጃ በእጄ ነው የደረደርኩት። ጦጣ አልነበረበትም። ገብቶኛል፣ ለአሮጊቷ አዝነሽ ነው።»

«አይ አባዬ፣ እውነቴን...»

«አንጀቷ እንዴት ነው የዚች ልጅ!» አለች አርኪፔ፣ ግንባሯንም ሳመቻት። ትልቁን የጨው ዓሣ አንስታ ሳህኗ ላይ አደረገችላት። «በምላሷ ብቻ ነው እንጂ ልቧ ወርቅ ነው። ብዪ።»

ሚርታሌ በላች። ዓሣው አሸዋ አሸዋ አላት። ሰድበዋት ቢሆን፣ መትተዋት ቢሆን ትችለው ነበር፤ የሳሟት ቦታ ግን እስኪነጋ ፈጃት።

በስድስተኛው ቀን የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ኤውሜዳስ ሸክላ ሠሪውን ሁሉ ግቢው ጠራ። ሌላ ሰው በቅርቡ ምድጃ ሊያነድ ነው፤ ሲሚኬ ሰፈር ውስጥ ሳለች የሚደፍር ጠፍቷል። ወንዶቹ ጭቃቸውን እንደለበሱ ቆሙ፤ ሴቶቹ ከማድረቂያው ጥላ ሥር። ሲሚኬ መሀል ላይ ነበረች፣ እንደ ተሸፈነች።

«ክፋት የለብሽም፣ እናውቃለን» አለ ኤውሜዳስ ጢሙን እየጎተተ። «ግን እሳት ክፋትና ደግነት አይለይም። ከበዓሉ በፊት ወደ ወደቡ ሰፈር ብትወርጂ...»

«እወርዳለሁ፣ አትቸገሩ» አለች ሲሚኬ። «ብቻ እሳት ላይ የጣድኩት ዘይት አለ። እሱ እስኪወርድ ሁለት ቀን ስጡኝ።»

እሺ፣ ሁለት ቀን ይሰጣት ተባለ። ሚርታሌ ይህን ስትሰማ እጇ ቀሚሷ ውስጥ ነበር። ፊቱን ጠዋት ይዛው ወጥታለች፤ ለምን እንደያዘችው ግን ለራሷም አልነገረችም ነበር። ሳይታወቃት ከሴቶቹ መሀል ወጣች።

«ዓይናቸው አይደለም» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ጫጩት ሆኖ ወጣ። ደገመችው። «ዓይናቸው አይደለም። እኔ ነኝ። አባዬ አላመነኝም እንጂ ነግሬው ነበር። ሁለት ቀን ያልሞላት ጦጣ አስገብቼ ነው፤ ራሷንም አልበሳሁትም። ይኸው።»

እጇን ዘረጋች። ኤውሜዳስ ፊቱን ተቀብሎ አገላበጠና ለዴክሲሎስ ሰጠው። ዴክሲሎስ የፊቱን ጀርባ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ አፍንጫውን ሳይሆን ውፍረቱን ነበር የሚያየው።

«ጣት ያክላል» አለ ቀስ ብሎ። «ቀዳዳም የለው።» ቀና ብሎ ልጁን አያት። አልተቆጣም። ከመቆጣትም የባሰ ነበር፤ የማያውቃት ሰው አድርጎ ነው ያያት።

ከዚያ ቀለም ቀቢው ፊሎን በዴክሲሎስ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ውይ! ዓይኗን ጨፍና! እሷው ናት እኮ፣ ዘይት ስታሸት!» አለ።

አንዱ ሳቀ። ሌላው ሊያይ መጣና ሳቀ። ፊቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ፤ የኤውሜዳስ ጢም እንኳ ተንቀጠቀጠ፤ አርኪፔ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዞረች። ሚርታሌ ይህን ሳቅ ታውቀዋለች። ጭቃውን ስትደፈጥጥ በጆሮዋ የሰማችው፣ ራሷ ያዘዘችው ሳቅ ነው፤ አንድም አልጎደለውም። አሁን ግን መሀሉ ላይ ዓይኗን የሸፈነች አሮጊት ቆማ፣ ለምን እንደሚሳቅ ሳታውቅ ራሷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች።

«ምንድነው? እኔንም አሳዩኝ እንጂ» አለች ሲሚኬ። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ በስድስት ቀን ውስጥ ብርሃን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፣ ዓይኗ አለቀሰ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ፊቱን የያዘው ሰው ለሷ መስጠት ፈራ፤ ለጎረቤቱ አሳለፈው፤ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ፤ ዞሮ ዞሮ ከሚርታሌ እጅ ገባ። ማን ይስጣት ታዲያ? ሄዳ አሮጊቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። አንገቷን ደፍታ የሲሚኬን እግር ብቻ ነበር የምታየው፤ የጫማዋ ጠፍር የተበጠሰ ነበር፣ በክር የታሰረ።

ሲሚኬ ፊቱን ብዙ አየችው። አገጩ ላይ ያለችውን ምስር በጣቷ ነካች፤ ከዚያ የራሷን አገጭ ነካች።

«ዝይዬን» አለች በመጨረሻ። «ዝይዬን እንኳ ትሞትብኛለች ብዬ፣ ስድስት ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ነው ያበላኋት።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ሲሚኬ» አለች ሚርታሌ።

«መቼ ነው የሠራሽው?»

«ምንጩ ዳር... የዚያን ቀን።»

«ለውርንጭላው?»

«አዎ።»

«ቤትሽ ስመጣስ? ተሸፍኜ ስመጣ፣ የት ነበር ይሄ?»

«ትራሴ ሥር» አለች ሚርታሌ። ከተናገረችው ሁሉ ይህ ከበዳት።

ሲሚኬ ራሷን ነቀነቀች። «ይቅርታው ይቆየን። ሰፈራችን ስንት ደጅ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«በሃያ ሦስቱም ተተፍቶብኛል። ነይ።»

ማንም አልከለከላቸውም። አሮጊቷ ፊቷን ገልጣ ከፊት፣ ልጅቷ ከኋላ ወጡ። በመጀመሪያው ደጅ ሚርታሌ እንደ ተማሪ አንድ ትንፋሽ ላይ ተናገረችው፦ «የምድጃውን ጥንቸሎች የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ሲሚኬ አይደሉም።» ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ቀረች። በሁለተኛውና በሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው ደጅ አንዲት ሙሽራ በሩ ላይ ተደግፋ፣ «ጦጣ ነው አሉ? ምን ትመስል ነበር?» አለች እየሳቀች።

ሚርታሌ ወደ ሲሚኬ ዞረች። ሲሚኬ ጠበቀቻት።

«እትዬ ሲሚኬን» አለች ሚርታሌ። «ልሰድባቸው ብዬ ነው የሠራኋት።»

ሙሽራዋ መሳቋን ተወች፤ የምትይዘው ነገር ስታጣ በሩን ያዘች።

ከዚያ በኋላ ሚርታሌ ሳትጠየቅ ትነግር ጀመር፤ ውርንጭላውንም፣ ትራሱንም፣ ግንባሯን መሳሟንም። ባወራችው ቁጥር ይቀላል ብላ አስባ ነበር፤ አልቀለላትም፤ በየደጁ የሚሰማት ሰው ፊት ሌላ ነውና ሀፍረቱም በየደጁ አዲስ ነው። ክሌኖ የምትባለዋ፣ ከሁሉ አብልጣ የተፋችው፣ ገና ሳይነገራት፣ «እኔ? እኔማ መቼ ተፋሁ! እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር!» ብላ ቀድማ ማለች።

አሥራ ሰባተኛው ደጅ ላይ አንዲት እናት ሰምታ ጨርሳ፣ የሲሚኬን እጅ ይዛ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጇ ከኋላዋ ብቅ አለ። አሮጊቷን አያት። ደረቱን ወደ ፊት ገልጦ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ ሦስቴ እንትፍ አለ።

«ተው! ተው አልኩህ!» እናትየው እጁን መታችው። ልጁ ለምን እንደተመታ አልገባውምና እሪ አለ፤ ትናንት ሲያደርገው አጨብጭበውለት ነበር።

ሚርታሌ ከልጁ ፊት ቁጢጥ ብላ አሁንም ነገረችው፦ «እኔ ነኝ ማሙሽ፣ እሳቸው አይደሉም።» ልጁ እያለቀሰ አያት፤ አሻግሮ ሲሚኬን አየ፤ ፊቱንም እናቱ ቀሚስ ውስጥ ቀበረ።

ሲሚኬ የቀሩትን ስድስት ደጆች ሽቅብ ተመለከተች። ፀሐይዋ ከተራራው አናት ላይ ነበረች፤ ገና አልመሸም።

«እነዚህን እንጨርስና» አለች፣ «ነገ ደግሞ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»